አሮጌው ላፕቶፕ ሲሸኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለኝ። ላፕቶፔ ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ቡና ይፈላል። ዊንዶውስ 10 ማብቃቱን የሚገልጽ ማስታወቂያም ያሳየኛል። አንዱ ጠጋኝ «ሐርድ ዲስኩን ቀይሪው» ይለኛል፣ ሌላው «አዲስ ግዢ» ይለኛል። ሻጮቹ ደግሞ ሁሉም «ኮር አይ 7 ነው» ይላሉ። ምኑን አይቼ ልወስን?

መልስ፦ ከጠጋኞቹ የትኛው ልክ እንደሆነ የሚነግርዎት የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ቁጥር ነው። «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም»፣ ከታች «አባውት» ውስጥ ይግቡና «ፕሮሰሰር» የሚለውን መስመር ያንብቡ። ከአይ 3፣ አይ 5 ወይም አይ 7 ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል። በ1 ከጀመረ የፊተኞቹን ሁለት አኃዞች ይውሰዱ፤ 1135 ማለት 11ኛ ትውልድ ነው። በሌላ ቁጥር ከጀመረ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃል፤ 8250 ማለት 8ኛ ትውልድ ነው።

8ኛና ከዚያ በላይ ከሆነ ዊንዶውስ 11 በአብዛኛው ይቀበላልና ለመግዛት አይቸኩሉ። «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» አንድ ላይ ተጭነው በሚመጣው ሰሌዳ «ፐርፎርማንስ» ላይ ዲስኩን ይዩ። «ኤችዲዲ» (የአሮጌው ዓይነት ሐርድ ዲስክ) የሚል ከሆነና መቶ በመቶ ላይ ተጣብቆ ከዋለ፣ የዘገየው ዲስኩ ነው። 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣኑ አዲስ ዓይነት ዲስክ) እና 8 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቢያስገቡለት ለጽሕፈት ሥራ ገና ዓመታት ያገለግላል።

7ኛና ከዚያ በታች ከሆነ ኤስኤስዲው ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ዊንዶውስ 11ን ግን በደንቡ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን አልሞተም፤ ነገር ግን ለተራዘመው የጥበቃ ማሻሻያ ካልተመዘገበ አዲስ ለሚገኝ ቀዳዳ መድፈኛ አይመጣለትም። ኢንተርኔት ሳይነካው ለመተየቢያ ይሁን፤ የባንክ ሥራና ኢሜይል ግን አይሠሩበት።

አሁን ወደ «ኮር አይ 7» እንምጣ። ይህ ስም ብቻውን ምንም አይናገርም። አይ 7-4600 የ4ኛ ትውልድ ሲሆን ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ አለው። አይ 3-1215 ግን የ12ኛ ትውልድ ነው፣ ስድስት ኮር አለው፣ በፍጥነትም ጥሎት ይሄዳል። የቁልፍ ሰሌዳው አጠገብ የተለጠፈውን ተለጣፊ አይመኑ፤ ተለጣፊ ይቀየራል። «አባውት»ን ራስዎ ከፍተው ያንብቡ። አዲስ ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው፣ ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ካለው ላፕቶፕም ይራቁ፤ ዊንዶውስና ማሻሻያዎቹ አብዛኛውን ይዘውት ለእርስዎ ሥራ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው።

ከዚያ ይልቅ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ ላፕቶፖች ይሻላሉ። የእነዚህ ችግር ቁልፍ ነው። አንዳንዶቹ ከቀድሞው ድርጅት መዝገብ ሳይሰረዙ ይሸጣሉ፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ዊንዶውስን እንደገና ሲጭን የማያውቀው ድርጅት የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። ስለዚህ ሻጩ እፊትዎ «ሪሴት» ያድርገው፤ ከዚያ ከስልክዎ ኢንተርኔት ጋር አገናኝተው ዴስክቶፑ እስኪመጣ ድረስ ይጠብቁ። አንድ ሰዓት ቢፈጅም ከሱቁ አይውጡ። ሲነሳ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1 ተጭነው ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) የይለፍ ቃል አለመጠየቁን ያረጋግጡ። በመጨረሻም ቻርጀሩን ነቅለው ቪዲዮ ይክፈቱ። በ20 ደቂቃ ባትሪው ከ12 በመቶ በላይ ከወረደ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ዋጋው ላይ ይደራደሩበት።

ጥያቄ፦ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፣ አዳማ። ፋይሎቼን በፍላሽ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። የቆዩት ደብዳቤዎች የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኑ፤ ሌሎቹ ይነበባሉ፣ ገጻቸው ግን ተዛንፏል። የሒሳብ ፕሮግራሜ ፒችትሪም ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን ምልክት ገልብጬ አልከፈት አለኝ። ቫይረስ ነው?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፤ አሮጌውንም ገና አይስጡት።

ዝብርቅርቁ የመጣው ከድሮ ፎንቶች ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የቀድሞ ፕሮግራሞች «ሀ»ን ያስቀመጡት በራሷ ቁጥር ሳይሆን በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የግዕዝ ቅርጽ አልብሰው ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ይታያል። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የአሁኑ ዘዴ) ነው፤ ከተዘበራረቀ የድሮው ነው።

ከአሮጌው ላፕቶፕ «ሲ» ድራይቭ፣ «ዊንዶውስ» ከሚለው ፎልደር፣ «ፎንትስ» ውስጥ የግዕዝ ፎንቶቹን በሙሉ ይገልብጡ። ሁሉንም ማለታችን ነው፤ የፊደላችን ብዛት በአንዱ ፎንት አልገባ ስላለ አንዳንዶቹ የድሮ ፎንቶች ለሁለትና ለሦስት ተከፋፍለው ነበር። አንዱ ቢቀር ገጹ በከፊል ብቻ ይነበባል። አዲሱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ለሁሉም ተጠቃሚ ይጫኑ። ከእንግዲህ የማይታረሙትን ቃለ ጉባኤዎችና ደረሰኞች ግን አሮጌው ላይ እያሉ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ይከፈታል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ በቅጂው ላይ ብቻ ይሞክሩ። መሃል የገቡ የእንግሊዝኛ ቃላትንና የገንዘብ ቁጥሮችን አማርኛ መስለውት ያበላሻሉ፤ በዕድር መዝገብ ላይ ደግሞ ይህ ጠብ ያመጣል።

የተዛነፉት ገጾች ምናልባት በኒያላ የተጻፉ ናቸው። ኒያላ በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ሳይጫን ስለሚመጣ ኢብሪማ ተተክቶበት መስመሩ ይሰፋል። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተው «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጨምሩ።

ፒችትሪን በተመለከተ፣ የገለበጡት ምልክት የፕሮግራሙ አድራሻ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። አሮጌው ላይ ከ«ፋይል» ዝርዝር «ባክ አፕ» ያድርጉ፤ አዲሱ ላይ ያንኑ ስሪት ጭነው «ሪስቶር» ይበሉ። በአዲስ ስሪት ከከፈቱት ሒሳቡ ይለወጥና በድሮው አይነበብም።

ሲገለብጡ «ኮፒ» እንጂ «ከት» አይበሉ፤ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ መሃል መንገድ ይቀራል። «ዳውንሎድስ» ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ፎልደርም አይርሱት፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ሰነዱ ያለው እዚያ ነው። ፍላሹ ላይ ፎልደሮቹ በትንሽ ቀስት ከታዩ ግን ያኔ በእርግጥ ቫይረስ ነው። አይክፈቷቸው፤ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። «ቪው» ውስጥ «ሂደን አይተምስ»ን ሲያበሩ ሊታዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የድሮውን ላፕቶፕ ለእህቴ ልጅ ልሰጥ ነው። ሁሉንም «ዲሊት» አድርጌ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ካደረግሁ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በተለይ በአሮጌው ዓይነት ሐርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል በነፃ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ውስጥ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ»ን ይምረጡ፣ ከዚያ «ቼንጅ ሴቲንግስ» ገብተው «ክሊን ዳታ»ን ያብሩ። ሐርድ ዲስክ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃልና ቻርጀሩ ተሰክቶ ይደር። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን በአዲሱ ላይ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሥሩ፤ የረሱት ፋይል የሚታወስዎት በእነዚያ ቀናት ነው።