ዝናብ የመታው በቆሎ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ አካባቢ ነው። ኅዳር ላይ ያላሰብነው ዝናብ ሦስት ቀን ሙሉ ወረደብን። በቆሎው ግማሹ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ግማሹን ፈልፍለን በማዳበሪያ ከተን ቤት አስገብተናል። አሁን እጄን ማዳበሪያው ውስጥ ስሰድ ይሞቃል። ባለቤቴ ቶሎ ጎታ እናስገባው ትላለች፣ ጎረቤቴ ደግሞ ያንን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ግዛ ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ። ይህን እንዳነበቡ ማዳበሪያዎቹን ይፍቱና በቆሎውን ሸራ ላይ ይዘርግፉት። እኔን ያስደነገጠኝ «ይሞቃል» ያሉት ነው። እህል ከተፈለፈለ በኋላም ሕይወት አለው፣ ይተነፍሳል። እርጥብ ከሆነ ትንፋሹ ይበረታል፣ ሻጋታውም አብሮ ይነሳል፣ ሁለቱም ሙቀትና ውሃ ያወጣሉ፣ ያ ውሃ ደግሞ መልሶ እህሉን ያረጥበዋልና ችግሩ በየቀኑ እየከፋ ይሄዳል።

ጎታም ሆነ ከረጢት እህል አያደርቅም። የጎረቤትዎ ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ በደንብ ለደረቀ እህል ድንቅ ነገር ነው፤ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ውስጥ ታፍኖ ያልቃል። እርጥብ በቆሎ ከከተቱበት ግን ያው እርጥበት ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ልጅ ሆኜ እናቴ ጎታችንን በጭቃና በእበት መርጋ ዘጋችው፣ ነሐሴ ላይ ሲከፈት የሥረኛው እህል እንደ ድንጋይ ተጋግሮ ተገኘ። የዚያን ቀን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ያስጡት። ስጡ ከሁለት ሦስት ጣት በላይ አይወፍር፣ በየግማሽ ሰዓቱም ያገላብጡት። ሸራ ሳያነጥፉ መሬት ላይ እንዳያሰጡ፤ የእናንተ መረሬ አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ እህሉ ከሥር መልሶ ይጠጣል። ደመና ሲያንዣብብ ቶሎ ይሸፍኑት፣ ማታም ተሸፍኖ ይደር። ፀሐይ ባትወጣም ደረቅ ነፋስ ካለ ቀስ እያለ ይደርቃል። ማሳ ላይ የቀረውን ደግሞ ዝናቡ ጋብ ሲል አንስተው ይሸልቅቁትና ከነቆረቆንዳው ነፋስ የሚያገኝ ቆጥ ላይ ያድርጉት። እርጥቡን አይፈልፍሉ፣ ፍሬው ይቆስላል፣ ሻጋታም በቁስሉ ይገባል።

መድረቁን በምን ያውቃሉ? በጥርስ መንከስ ጥሩ ነው፣ ግን ያታልላል። ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ይውሰዱ፣ ሲሶውን በቆሎ ይሙሉት፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምረው ክዳኑን ይግጠሙና አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ይነቅንቁት። ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል ያስቀምጡት። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተጣበቀ ገና ነው። ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ወራት ለሚቀመጥ በቆሎ ግን ወደ 13 በመቶ መውረድ ስላለበት፣ ጨው ካለፈም በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጥሩ ፀሐይ ይጨምሩለት። ሲያነሱትም ትኩሱን አይክተቱ። ጥላ ላይ ይቀዝቅዝ፣ አለበለዚያ ሌሊት ሲበርድ ከረጢቱ ውስጡ ያልበዋል።

ያኔ ፒክሱን ይግዙ። ሦስቱንም ድርብ አንድ በአንድ አየሩን እያስወጡ አጥብቀው ይሰሩ። ከርብራብ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። አይጥ ከበሳው ግን ያው ተራ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ወገራ ነው ያለችው። ስንዴው ውስጥ የነቀዝ ክኒን ጨምራ ማዳበሪያዎቹን መኝታዋ አጠገብ ደርድራቸዋለች። ጎንደር ሆኜ በስልክ ብነግራት «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለችኝ። አደጋ አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ በጣም። ዛሬውኑ ደውይላትና እዚያ ክፍል እንዳታድር አድርጊ፤ ከቻልሽ ራስሽ ሂጂ። ክኒኑ የአየርና የእህል እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ተራ ማዳበሪያ ጋዙን ስለማይይዘው ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ ስለዚህ ነቀዙ በቅጡ ሳይሞት የሚታፈነው ሰው ነው። ሽታ ስለሌለ ሰላም ነው ማለትም አይቻልም። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ደረት መጨነቅ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከታየባት ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፤ መርዙን የሚያከሽፍ የተለየ መድኃኒት የለውምና እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። በሩና መስኮቱ ይከፈት፣ ማንም ገብቶ አይቆይ፣ ማዳበሪያዎቹን በአቅራቢያ ያለ የግብርና ባለሙያ መጥቶ ያውጣቸው። ክኒኑ ላይ ውሃ እንዳይደፋበት፣ እሳት ሊነሳ ይችላል። ለከርሞ ደግሞ በደንብ አድርቃ ፒክስ ከረጢት ውስጥ ብትከተው ክኒን ጨርሶ አያስፈልጋትም።

ጥያቄ፦ የሻገተውን እህል ለጠላ ብናደርገው ወይም ለዶሮ ብንሰጠውስ? መድፋት ያሳዝናል።

መልስ፦ ማሳዘኑማ ያሳዝናል፣ ስንት ልፋት ነው። ግን አይሁን። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፣ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ይዳርጋል። ማጠብ፣ መጋገር፣ መቀቀል አያጠፋውም፣ ጠላ መጥመቅም እንዲሁ። ላም ከበላችው ወደ ወተቷ ያልፋል፣ ያንን ወተት የሚጠጡት ደግሞ ልጆች ናቸው። ዶሮም ይገድላል። ሻጋታው የታየበትን፣ የጠቆረውንና የተጨማደደውን ለቅማችሁ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። የቀረው ንጹሕ የሚመስለውም ከሸተታችሁ አትብሉት።