ጥያቄና መልስ፦ የእማሆይን እንጉርጉሮ ስሰማ የማፈስሰው እንባ ጸሎት ነው?

ጥያቄ፦ ይባርኩኝ መምህር፤ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ የሌሊት ተራ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ጓደኛዬ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን "ሱቬኒርስ" የተባለ አልበም ላከችልኝ። እማሆይን በፒያኗቸው ብቻ ነበር የማውቃቸው፤ በዚህኛው ግን ራሳቸው በአማርኛ ያዜማሉ። ከዚያ ወዲህ ፍቅር ያዘኝ ብል ይቀለኛል። መኪና ውስጥ እሱ ነው፣ አልጋዬ ላይ እሱ ነው። ስሰማው አለቅሳለሁ። ያስፈራኝ ነገር፣ ጠዋት ከሥራ ገብቼ ውዳሴ ማርያም በምደግምበት ሰዓት እሱን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ደግሞ አንዲት እንባ አትመጣልኝም። አንዷ እኅት "ዘፈን ነው፤ ገላትያን አንብቢ" አለችኝ። ሌላዋ "መነኩሲት ያዜሙት እንደ ጸሎት ይቆጠራል" አለችኝ። የትኛዋ ናት ልክ? በጾምስ መስማት ይፈቀድልኛል? አዲስ አበባ ላለችው እናቴም ልልክላት አስቤ፣ ኃጢአት እንዳላጋራት ፈርቼ ተውኩት። ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ። ያልቀመሱትን ወጥ ጨው በዛበት ማለት ነውር ስለሆነ፣ ከመመለሴ በፊት እኔም ሰማሁት። ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የልጄን የጆሮ ማዳመጫ ተውሼ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ጊዜ ለአንቺ ጥያቄ ብዬ እንዳልነበረ ልመንልሽ።

ፍቅር ለምን እንደያዘሽ ገብቶኛል። እማሆይ ይህን የቀዱት በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ ፒያኗቸው ፊት ተቀምጠው፣ በተራ ቴፕ ነው። ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ይንጫጫሉ። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ድምፃቸው አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የቆመ ዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ማንም አይሰማኝም ብላ ቡና እየቆላች የምታንጎራጉር እናት ድምፅ ነው። እኔማ ሳላንኳኳ በር ከፍቼ የገባሁ ያህል አፈርኩ። ካሴቱ አርባ ዓመት ያህል ተቀምጦ፣ እርሳቸው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ ነው እንዲህ በአልበም የወጣው።

አሁን ወደ ሁለቱ እኅቶች። ገላትያን የጠቀሰችልሽ እኅት ጥቅሱን አልሳተችም፤ ምዕራፍ 5 ቁጥር 21 ላይ "ዘፋኝነት" ከሥጋ ሥራ ተቆጥሯል። ነገር ግን ቃሉ በግሪኩ "ኮሞስ" ከሚለው የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ሰዎች ከግብዣ በኋላ ሰክረው፣ ችቦ ይዘው፣ በየመንገዱ እየጮኹና እየጨፈሩ የሚያድሩበትን ሁካታ የሚጠሩበት ቃል ነው። ሐዋርያው ከስካር አጠገብ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ በሮሜ 13፥13ም "በዘፈንና በስካር አይሁን" ብሎ ሁለቱን አብሮ አስሯቸዋል። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ብቻቸውን ፒያኖ ነክተው ስላገራቸው ደመና ማንጎራጎራቸውን ከዚህ ሁካታ ጋር ማስተካከል ቃሉን ማጣመም ነው። (ደግሞ ነገ "መምህሩ ዘፈን ፈቀዱ" እንዳትሉኝ። ዛሬ ዘፈን ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ሐዋርያው ቢሰማው ስሙን ሳይጠይቅ የሚያውቀው ብዙ አለ።)

ሁለተኛዋ እኅት ደግሞ በሌላው በኩል ወድቃለች። ቆብ ዜማን መዝሙር አያደርገውም። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የምትለው ሥርዓት አለው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ የተለየ ዜማ፣ ከቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ ከድጓው የሚወጣ ቃል፣ ከበሮውና ጸናጽሉ፣ መቋሚያው። ፒያኖ በዚያ ቦታ የለም። እማሆይም ይህን ከእኔና ከአንቺ በላይ ያውቁ ነበር፤ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ሰው ናቸው። የአልበሙን ቃል ልብ ብለሽ ከሰማሽው አብዛኛው ናፍቆት ነው። ስለ አገር፣ ስለ መለየት፣ በምትኖርበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና እያሉ ሩቅ ያለን ሰው መጠየቅ። እምነታቸው በውስጡ እንደ ዕጣን ጭስ ይሸታል እንጂ እንደ ቅዳሴ ዜማ አልቆመም።

ታዲያ ምን እንበለው? አማርኛችን ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ እንጉርጉሮ እንለዋለን። ሰው ከራሱና ከአምላኩ ጋር ሆኖ፣ በዝግታ፣ የልቡን የሚያወጣበት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ቦታ አለው። "በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን፤ ጽዮንንም ባሰብናት ጊዜ አለቀስን" የሚለው መዝሙር 136 (በሌላው አቆጣጠር 137) መነሻው የስደተኛ ናፍቆት ነው። አንቺም ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ በባዕድ አገር አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ ስታለቅሺ ከዚያ ወንዝ ብዙም አልራቅሽም። ስለዚህ መስማትሽ ኃጢአት አይደለም። ይህን በቁርጥ እነግርሻለሁ፤ በዚህ እንቅልፍ አትጪ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነገር ነው፤ እንባውን ከጸሎት የቆጠርሽው።

ሁለት ጦር ላሳይሽ። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይመታለት ነበር። በገናው ሲመታ ሳኦል ያርፋል፣ ይቀለዋል፣ መንፈሱም ይርቅለታል (1ኛ ሳሙኤል 16፥23)። ዜማ የታመመ ልብን እንደሚያሳርፍ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ግን ገጹን ገልብጪ። ምዕራፍ 18 ላይ ያው ዳዊት፣ በዚያው በገና፣ በዚያው ቤት እየመታ ሳለ ሳኦል ጦሩን ወረወረበት። ምዕራፍ 19 ላይ ደገመው። በገናው አልተበላሸም፤ የዳዊት እጅም አልደከመም። ሳኦል ከዜማው ዕረፍትን ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ቅናቱን አምጥቶ ያስቀመጠበት ቀን የለም። ዕረፍቱ በዜማው ልክ ቆየ፤ ዜማው ሲያልቅ አብሮ አለቀ።

ሁለተኛው ጦር የአጼ ገብረ መስቀል ነው። ግንቦት 11 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ ሰምተሽው ይሆናል። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ይፈስሳል፤ ንጉሡም አላየ፣ ያሬድም ሕመሙ አልተሰማው፣ ማኅሌቱ እስኪያልቅ ድረስ። ንጉሡ ደንግጦ "ስለ ፈሰሰው ደምህ የፈለግኸውን ጠይቀኝ" ሲለው ያሬድ የጠየቀው ምን ነበር? ወደ ገዳም ሄጄ እንድመንን አሰናብተኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። እዚህም ጦር አለ፣ እዚህም ዜማ አለ፣ እዚህም ልቡ የተነካ ንጉሥ አለ። ልዩነቱ ከዜማው በኋላ ባለው ሰዓት ነው።

የእማሆይም ሕይወት ይህንኑ ነው የሚያሳየኝ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘው ታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላ ካይሮ ቫዮሊን አጠኑ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል ተገኝቶ ሳይፈቀድላቸው ሲቀር ለ12 ቀን ምግብ አልቀመሱም። ከሞት አፋፍ ሲደርሱ የለመኑት ሥጋ ወደሙን ነው። ከዚያ ግሸን ማርያም ወጡ፤ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ በባዶ እግራቸው። ፒያኖ እዚያ አምባ ላይ አልነበረም። በኋላ ጎንደር ሳሉ የዜማ ተማሪዎችን አዩ፤ አኩፋዳ አንግተው ቁራሽ እየለመኑ፣ ደጅ እያደሩ የሚማሩትን። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች አዋሉት። አንቺ የምትሰሚው ጣት እንዲህ ያለ ጣት ነው። ጣቱን ወደሽ የሄደበትን መንገድ ሳታዪ መቅረትሽ ይቆጨኛል።

ስለ ቅዳሴው የጻፍሽው ደግሞ ብዙ ሰው አፍሮ የማይናገረው ነው፤ በመናገርሽ ጎበዝ። አልበሙ የተቀዳው ለአንድ ጆሮ ያህል ቅርብ ሆኖ ነው። አንቺም ተኝተሽ፣ በጨለማ፣ ብቻሽን ትሰሚዋለሽ። ቅዳሴ ላይ ግን ሕፃን ያለቅሳል፣ የአንዱ ስልክ ይጮኻል፣ ከፊትሽ የቆመችው እናት ነጠላዋን አሥር ጊዜ ታስተካክላለች፣ ግማሹ ግዕዝ ነው፣ አንቺም ሌሊቱን ሠርተሽ እግርሽ አብጧል። እንባ ባይመጣ ምን ይገርማል? ጌታ "እንካችሁ ብሉ" ሲል "ያለቀሳችሁ ብቻ" አላለም። ደረቅ ዓይን ይዘሽ ቆመሽ መጨረስሽን እርሱ ያያል።

እኔም በዚህ ወድቄ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ዜማ ስማር አንድ ድምፀ መረዋ መሪጌታ ነበሩ፤ እርሳቸው ሲመሩ ጠጉሬ ይቆም ነበር። አንድ የበዓል ሌሊት ማኅሌቱ ካለቀ በኋላ የኔታ ጠርተው "ምን ሰማህ?" አሉኝ። "ግሩም ዜማ" አልኩ። "ዜማውንማ አህያውም ጆሮውን ቀስሮ ሰምቶታል። ምን አለ?" ቃሉን አንድም አልያዝኩም። ሦስት ቀን የኔታ ዓይኔን አላዩኝም። በኋላ ትንቢተ ሕዝቅኤል 33፥32ን ሳነብ ያ ሌሊት ትዝ አለኝ፤ ሕዝቡ ነቢዩን የሚሰሙት ድምፁ ያማረ በገና መቺን እንደሚሰሙ ነበር፤ ይሰማሉ፣ አያደርጉትም።

ስለዚህ የማዝዝሽ ቀላል ነው። ቅደም ተከተሉን አስተካክዪ። ከሥራ ስትገቢ በመጀመሪያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ፤ ቆመሽ፣ እየደከመሽም ቢሆን፣ ልብሽ ድርቅ ብሎም ቢሆን። ከዚያ በኋላ እማሆይን ክፈቺ። እንባው ከመጣ ደግሞ ዝም ብለሽ አታፍስሺው፤ አንድ ነገር ጠይቂው፦ "ማንን ነው የምታለቅሺው?" አገር ከሆነ ለአገር ጸልዪ። የተጣላሽው ሰው ፊቱ ከመጣብሽ ታረቂው። በደልሽ ከመጣብሽ የንስሐ አባትሽን ፈልጊ። መቼ እንዳገኘሻቸው አልጻፍሽልኝም፤ ባትጽፊውም ገምቻለሁ። ነቢዩ ኤልሳዕም የእግዚአብሔርን ቃል ከመስማቱ በፊት "ባለ በገና አምጡልኝ" ብሏል፤ በገናው ሲመታ የእግዚአብሔር እጅ በላዩ መጣች። ለእርሱ ዜማው ደጃፍ ነበር። አንቺ ደጃፉ ላይ አልጋ ዘርግተሽበታል።

በጾም ስለ መስማት፦ በዐቢይ ጾም ተዪው። የምልሽ ኃጢአት ስለሆነ አይደለም፤ ወተትና ቅቤም ኃጢአት ሆነው አይደለም የምንተዋቸው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚያ ወቅት ከበሮዋንና ጸናጽሏን አስቀምጣ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ብቻ ታዜማለች። እርሷ የቅዱስ ያሬድን ከበሮ 55 ቀን ካስቀመጠች፣ አንቺ ፒያኖውን ብታስቀምጪ አይበዛብሽም። ናፍቆቱ ከጠናብሽ በገና አለልሽ። በሌሎቹ አጽዋማት የንስሐ አባትሽ እንደነገሩሽ አድርጊ።

እናትሽን በተመለከተ፦ ላኪላት። ስልኳ ላይ መክፈት ካቃታት ጎረቤት ያለ ልጅ ይክፈትላት። ግን ልከሽ ዝም አትበዪ፤ ሰዓቱን አስልተሽ ደውዪላት፣ እዚያ ፀሐይ ይሁን ደመና ጠይቂያት።