የፊልም ዲኮር መሥራት ለሚፈልግ የእንጨት ሥራ ሠልጣኝ

ውድ ወንድሜ፣

ከቱሉ ዲምቱ በላክልኝ ደብዳቤ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ እየሠለጠንክ መሆንህን፣ በፊልም ጠባቡን ክፍል ሰፊ፣ ረጅሙን ሰው አጭር አስመስሎ የሚያሳየው የዲኮር (ለቀረጻ ተብሎ የሚገነባ ቤትና ዕቃ) ሥራ ልብህን እንደ ሳበው፣ ለዚህም ሥልጠናህን አቋርጠህ የኮምፒዩተር ሶፍትዌር ለመማር እንዳሰብክ ገልጸህልኛል። ምክሬ እንዳታቋርጥ ነው፤ የምትመኘው ሙያ መሠረቱ አሁን በእጅህ የያዝከው ሜትርና መጋዝ ነውና።

ካሜራ የሚያየው በአንድ ዓይን ብቻ ስለሆነ፣ ቅርብ ያለ ትንሽ ነገርና ሩቅ ያለ ትልቅ ነገር በምስሉ ላይ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ኮሪደር ከሞራሌና ከኮምፔንሳቶ ሠራህ እንበል። ሌንሱን ከመግቢያው 2 ሜትር አርቀህ በ1 ሜትር ከፍታ ትተክለዋለህ፤ ከመግቢያው 4 ሜትር ገባ ብሎ ያለውን የኋላ ግድግዳ ደግሞ ወለሉን በ50 ሳንቲ ሜትር ከፍ፣ ጣሪያውን በ50 ዝቅ አድርገህ፣ ስፋቱንም በግማሽ ቀንሰህ ትሠራዋለህ። ያን ጊዜ 4 ሜትሩ ኮሪደር በምስሉ ላይ 10 ሜትር ይመስላል። ይሁን እንጂ በጎንና በጎኑ ያሉት በሮች ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር መጠናቸውም ርቀታቸውም ካልጠበበ፣ ወይም ሙሉ ቁመት ያለው ሰው ከኋላ ከቆመ፣ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። ሌንሱ ከተተከለበት ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ካለም የግድግዳው መንጋደድ ይጋለጣል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ» (The Lord of the Rings) ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ይህን ችግር የፈታበት መንገድ እጅግ ያስደንቀኛል። አንደኛው ተዋናይ ወደ ሌንሱ ቀርቦ፣ ሌላው ርቆ ስለሚቀመጥ የራቀው አጭር ሰው ይመስላል፤ በሁለት መጠን የተሠራው ጠረጴዛም አንድ መስሎ ይታያል። ካሜራው ሲንቀሳቀስ የዲኮሩ ክፍል ከነተዋናዩ በተንቀሳቃሽ መድረክ ላይ አብሮት ይጓዛል፤ ተዋናዮቹም ፊት ለፊት የሚነጋገሩ ለመምሰል በእውነቱ እርስ በርስ ሳይተያዩ ይተውናሉ። ይህን በትክክል ገጣጥሞ የሚሠራ አናጺ ከሌለ ዳይሬክተሩ ምንም ማድረግ አይችልም።

ስለ ሥራው ገበያ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ብዙዎቹ ፊልሞቻችን በኪራይ ቤት ስለሚቀረጹ ለዲኮር ብቻ ቋሚ ደመወዝ የሚከፍል ማግኘት ከባድ ነው። መግቢያህ የሚሆኑት ማስታወቂያ፣ የሙዚቃ ቪዲዮ፣ ቴአትርና የኤግዚቢሽን ግንባታ ናቸው። ሥልጠናህን ስትጨርስ የሥዕል ዝንባሌ ካለህ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትን የመግቢያ መስፈርት ጠይቅ። ሶፍትዌሩን ከዚያ በኋላ ብትማረው ይሻላል።

እስከዚያው ኮሪደሩን በካርቶን በ1 ለ5 መጠን ሥራው፤ የፊቱ ቁመት 40፣ የኋላው 20፣ ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የስልክህንም ካሜራ ከመግቢያው 40 ሳንቲ ሜትር አርቀህ በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አስቀምጠው። ሥራህን ለአርት ዳይሬክተር (የፊልሙን ዲኮር ለሚመራው ባለሙያ) ስታሳይ ከሌንሱ ቦታ ከተነሣው ፎቶግራፍ ጋር ከጎን የተነሣውንና የልኬት ንድፉንም አያይዝ፤ ሙያህን የሚመዝኑልህ በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለቱ ነው።