ትሎቹን ከካርቶን አውጪያቸው

አንዲት እህት ከሐዋሳ ጽፋልኛለች። ጉሎ የሚበላውን የሐር ትል ታረባለች። ትሎቹ በደንብ ይበላሉ፣ ወፍራምም ናቸው። ኩኩናቸው፣ ማለትም ትሉ ሐሩን ፈትሎ ራሱን የሚሸፍንበት ቤት፣ ግን ስስ ነው፣ ቡናማ እድፍም አለበት። ላስቲክ ያነጠፈችበት ካርቶን ጥግ ጥጉ ድር ሞልቶታል። «ደርቋቸው ነው» ያላት ሰው ስለነበር ውሃ ረጨችባቸው፤ ጭራሽ ባሰ። የኩኩኑ አንድ ጫፍ ክፍት መሆኑም አሳስቧታል።

እህቴ፣ በክፍቱ ጫፍ አትጨነቂ። የጉሎ ሐር ኩኩን ተፈጥሮው እንደዚያ ነው። ለዚህም ነው እንደ ጥጥ የሚፈተለው።

ነገሩን የነገረኝ ጥግ ላይ የቀረው ድር ነው። ትሎችሽ አልታመሙም፣ አልተራቡምም። መያዣ አጥተው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሐሩ በትሉ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ነው። ከሁለት ቋቶች ተነስቶ ከአፉ ሥር ባለች ቀዳዳ ይወጣል። አየር ሲነካው የሚጠነክር ይመስለናል። ዋናው የሚያጠነክረው ግን መጎተቱ ነው። ትሉ ጫፉን አንድ ነገር ላይ ያጣብቅና ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እያለ ይስበዋል፤ ፈሳሹ ክር የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ የሚያጣብቅበት ሻካራ ነገር፣ ወዲህም ወዲያም፣ የግድ ያስፈልገዋል። ልሙጥ ግድግዳ ላይ ሲሆን ይንከራተታል፣ ሐሩን እዚህም እዚያም ይጨርሳል፣ ለኩኩኑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ክሩን የሚያያይዘው ሙጫ ደግሞ ለመድረቅ ነፋሻ አየር ይፈልጋል። አንቺ ውሃ ስትረጪ ያንን ከለከልሽው። አይ፣ ያን ምክር የሰጠሽ ሰው!

እድፉም ከዚሁ ነው። ትል ከመፍተሉ በፊት ሆዱን ባዶ ያደርጋል፤ የመጨረሻው እርጥብ ነው። ላስቲኩ ያንን ይዞ ያስቀራል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ልሙጥ የፕላስቲክ ትሪም ያው ነው፤ ገንዘብሽን አታባክኚበት።

ትሎቹ የሚፈትሉበት ደረቅ የሙዝ ወይም የማንጎ ቅጠል ሰብስቢ። ላላ አድርገሽ እሰሪና አንጠልጥይው፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፊ። ለትሎቹ ምግብ የጉሎ ቅጠል ስትቆርጪ ግን ፍሬውን ቤት አታስገቢ። ፍሬው መርዝ ነው፣ መልኩም ልጅ ይስባል።

ትሉ መድረሱን በጣትሽ እወቂ። መብላት ያቆመውን ቀስ አድርገሽ ስታሽከረክሪው ባዶ ነገር የመሰለ ድምፅ ይሰጣል። የደረሰውን የተንጠለጠለው ቅጠል ላይ አድርጊው፤ ያልደረሰውን ግን ተይው። ቅጠሉን አታጨናንቂው፤ ሁለት ትል አንድ ቦታ ከተጋፋ ሁለቱም ይበላሻሉ። ክፍሉ ነፋሻ ይሁን፣ ክረምት ላይ በተለይ። ፍሊት የሚባል ነገር እዚያ ቤት አይነፋ፤ ትሎቹን ይፈጅብሻል።

ከዚያ ቢያንስ 6 ቀን አትንኪያቸው። አንዱን አንስተሽ ነቅነቅ ስታደርጊው ውስጡ ኳ ኳ ካለ ደርሷል።

ደግሜ እላለሁ፦ የጉሎ ፍሬ ግቢው ውስጥ ከረገፈ ልጆች ሳያገኙት ልቀሚው። ድንገት ልጅ ካኘከው ደህና ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጂው፤ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚጀምር።

ያደፉትን ኩኩኖች አትጣያቸው። ከነጩ ለይተሽ በሳሙና ቀቅያቸው። ክሩ ትንሽ ቢጠቁርም ይፈተላል።