«አርባውን በ4.41 እሮጣለሁ፤ ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የ21 ዓመት ወጣት ነው። በአሥር ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ መጥቶ እዚያው አድጓል። አሁን የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል፤ ቦታው ዋይድ ሪሲቨር፣ ማለትም ወደፊት ሮጦ የሚወረወርለትን ኳስ የሚይዝ። ደብዳቤው ሲያጥር እንዲህ ይላል (ኤንኤፍኤል የጨዋታው የባለሙያዎች ሊግ ነው፤ ድራፍት ክለቦቹ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት፤ ታችዳውን ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ የሚገኝ ነጥብ)፦

«ጋሼ፣ ዘንድሮ 68 ኳስ ያዝኩ። 1,112 ያርድ፣ 11 ታችዳውን። አሰልጣኜ በሰዓቱ ሲይዝልኝ አርባውን በ4.41 ሮጫለሁ። አንድ ኤጀንት በየሳምንቱ ይደውላል፤ ‹አሁኑኑ ውጣ፣ ድራፍት ትደረጋለህ› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ዲግሪህን ሳትጨርስ የትም አትሄድም› ብላለች። የማጠናው አካውንቲንግ ነው። ለኤንኤፍኤል እበቃለሁ? ራሴን በምን ልመዝን?»

ወንድሜ፣ አስቀድሜ እውነቱን ልንገርህ። እኔ የሙያ አማካሪ እንጂ ስካውት፣ ለክለቦች ተጫዋች የሚመለምል ሰው፣ አይደለሁም። ኳስ በእግር የሚመታ ነገር ነው ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ይህን ጨዋታ የተማርኩት እንዳንተ ሊያማክሩኝ ከሚመጡ ልጆች ነው። ግን ጥያቄህ ከኔ ሥራ ብዙም አይርቅም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተመሰገነ ሠራተኛ ሌላው ጋ ሲሄድ ግራ ሲገባው ስንቴ አይቻለሁ። ሰውየው አልተለወጠም፤ ሥራው ነው የተለወጠው። ስለዚህ «ጎበዝ ነኝ ወይ?» የሚለውን ተወው። ጎበዝ ነህ። 68 ኳስ ሰነፍ አይዝም። የሚያስፈልግህ፣ ሜዳው ሲቀየር ከጉብዝናህ ምን ያህሉ አብሮህ እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

ከአርባው ልጀምር፤ በጣም የምትኮራበት እሱ ይመስለኛልና። ለማያውቁ አንባቢዎች፣ አርባው ማለት የ40 ያርድ ሩጫ ነው፤ 36 ሜትር ተኩል ገደማ። በየዓመቱ ከድራፍቱ በፊት ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ኮምባይን የሚባል ትልቅ ፈተና አለ። የ32ቱም ክለቦች ሰዎች ተቀምጠው ልጆቹ ሲሮጡ፣ ሲዘሉ፣ ኳስ ሲይዙ ያያሉ።

በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እዚያ የሮጡ ሁለት ሪሲቨሮች ነበሩ። ሁለቱም ከዋሽንግተን ግዛት ኮሌጆች የመጡ። ጆን ሮስ ከሲያትሉ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ኩፐር ካፕ ደግሞ ቼኒ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከኢስተርን ዋሽንግተን። (የኢስተርን ዋሽንግተን ሜዳ ሣሩ ቀይ ነው። መጀመሪያ ሳየው ቴሌቪዥኔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።) ሮስ በ4.22 ሰከንድ ሮጠ፤ ሪከርድ ሆነ። በ2024 ዛቪየር ወርዚ በ4.21 እስኪሰብረው ድረስ የቆየ ሪከርድ ነው። ካፕ በ4.62 ገባ። ለሪሲቨር ይህ ቀርፋፋ ነው። ሲንሲናቲ ሮስን በ9ኛ ቁጥር ወሰደው። ካፕ እስከ 69ኛ ጠበቀ፤ የሎስ አንጀለሱ ክለብ ራምስ ወሰደው።

ሮስ በመጀመሪያ ዓመቱ አንድም ኳስ አልያዘም። በኤንኤፍኤል ዘመኑ በሙሉ ኳስ ይዞ የሰበሰበው ያርድ ተደምሮ 1,000 አይሞላም። ካፕ በ2021 ብቻ 145 ኳስ ያዘ፤ 1,947 ያርድ፣ 16 ታችዳውን፤ በሦስቱም ሊጉን መራ። በዚያው የውድድር ዓመት የሱፐር ቦውሉ፣ የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ሮስን ጉዳት አሰቃይቶታል፤ ፍርዴ እንዳይጠነክርበት። ግን ልዩነቱን ጉዳት ብቻ አያስረዳውም።

ደግሞ የአንተ 4.41 በእጅ ሰዓት የተያዘ ነው። የአሰልጣኝ አውራ ጣት ደግ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሲለካ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። 4.5 አካባቢ ነኝ ብለህ አስብ። መጥፎ አይደለም። በር ይከፍትልሃል፤ ቤቱ ውስጥ አያኖርህም።

ቤቱ ውስጥ የሚያኖረውን ለመረዳት ሁለቱ ሜዳዎች የት የት እንደሚለያዩ እይ። ስፋታቸው እኩል ነው፣ 160 ጫማ። ኳሱ የሚቀመጥባቸው የሐሽ መስመሮች ግን ይለያያሉ። በኮሌጅ በሁለቱ መስመሮች መካከል 40 ጫማ አለ፤ በኤንኤፍኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ። በኮሌጅ ኳሱ አንዱ መስመር ላይ ሲቀመጥ ሰፊው ጎን 100 ጫማ ይሆናል። አሰልጣኝህ አንተን እዚያ ያቆምሃል፤ ተከላካዩ ያን ሁሉ ቦታ ብቻውን መጠበቅ አለበት። በኤንኤፍኤል ያ ጎን 89 ጫማ አካባቢ ነው። ሌላም አለ። በኮሌጅ ጠርዝ ላይ ኳስ ይዘህ አንድ እግርህ ውስጥ ካረፈ ይበቃል። በኤንኤፍኤል ሁለቱም እግር ማረፍ አለበት። ከ68ቱ ውስጥ ስንቱ በአንድ እግር የተያዘ ነው? ፊልሙን ሳታይ አትመልስልኝ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ፕሬስ ነው። አንተን የሚጠብቀው ተከላካይ፣ ኮርነርባኩ፣ አፍንጫህ ሥር ይቆማል፤ ገና ስትነሳ ደረትህን በእጁ ይመታል። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ የሚጠብቅህ ለሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ነው። የመጀመሪያዋን ሰከንድ ስትታገል ከጨረስክ ኳሱ ወደ ሌላ ይሄዳል። ብዙ የኮሌጅ ቡድኖች ሪሲቨራቸውን ከዚህ ያሸሹታል። ከመስመሩ ወደ ኋላ ያቆሙታል፤ ኳሱ ሳይነሳ ከጎን ወደ ጎን ያስሮጡታል፤ ስክሪን የሚባል አጭር ውርወራ ይሰጡታል። ብልህ አሰላለፍ ነው፤ ኮሌጅ ላይ ያሸንፋል። ስካውቱ ግን የሚፈልገውን አያሳየውም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጥህ። ደብተር አውጣ። የዘንድሮውን ፊልም በሙሉ እይ፤ የያዝካቸውን ብቻ ሳይሆን የሮጥካቸውን ሁሉ። ኮርነር ፊትህ ቆሞ ፕሬስ ያደረገህን ለብቻ ቁጠር። ከነዚያ ውስጥ ስንቱን አመለጥክ? ኳሱ ለሌላ ተወርውሮ ቢሆንም ቁጠረው፤ ማምለጥህ ነው የሚፈለገው። ቀጥሎ፣ አንድ ሰው ተለጥፎብህ ሳለ የያዝካቸውን ጻፍ። ከዚያ አጠገብህ ማንም ሳይኖር የያዝካቸውን። እነዚህን መጨረሻ ላይ የጻፍካቸውን ያርዶች ደምረህ ከ1,112 ቀንስ። የተቀነሰው የአሰልጣኝህ ነው። ቀሪው ያንተ።

ቀሪው 400 ቢሆን አትደንግጥ። ስንት ዓይነት ሩት (የተወሰነ የሩጫ መንገድ) እንደሮጥክ ደግሞ ተመልከት። ስላንት (በሰያፍ ወደ መሀል የሚሮጥ) እና ቀጥታ ሩጫ ብቻ ከሆነ ገና ብዙ ይቀርሃል። በድንገት የምትታጠፍባቸው ዲግና ካምባክ ላይ በሙሉ ፍጥነት መጥተህ በሁለት ሦስት እርምጃ መቆም ትችላለህ? ካፕን ያኖረው ይህ ነው። ሰውየው አይሮጥም፤ ይቆማል። ይህን ያለኝ አንድ የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ትንሽ ኮሌጅ መሆንህ ያሳስብሃል። አይግረምህ፣ እኔን ብዙም አያሳስበኝም። ጄሪ ራይስ የመጣው ከሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ነው፤ በ1985 በ16ኛ ቁጥር ተመርጦ የሊጉን ትልልቅ የሪሲቨር ሪከርዶች ጠራርጎ ወሰደ። የሚያሳስበኝ ተጋጣሚህ ነው። ትናንሽ ኮሌጆች በየዓመቱ ለገንዘብ ብለው ከአንድ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ጋር ይጫወታሉ። አብዛኛውን ጊዜ ተደብድበው ይመለሳሉ። ስካውቱ መጀመሪያ የሚከፍተው ፊልም ግን ያ ነው። ካፕ በ2015 ኦሪገን ሜዳ ላይ 15 ኳስ፣ 246 ያርድ፣ 3 ታችዳውን አገኘ። በማግስቱ ዓመት ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ 12 ኳስ፣ 206 ያርድ፣ አሁንም 3 ታችዳውን። ከዚያ በኋላ «ትንሽ ኮሌጅ ስለሆነ ነው» የሚለው ወሬ ጉልበት አጣ። አንተ ዘንድሮ ከትልቁ ቡድን ጋር ምን ሠራህ? ደብዳቤህ ላይ የለም።

የሌለ ሌላም ነገር አለ። ሁለተኛ ዓመትህን አልነገርከኝም። ቁጥሮችን የሚያጠኑ ሰዎች አንድ ሪሲቨር በስንት ዓመቱ እንደጎላ በጣም ያዩታል። በ19 ዓመቱ ከ22 ዓመት ጎረምሶች መሀል የጎላ ልጅ ይመርጣሉ። የቡድንህን ድምርም እይ። ቡድንህ በአጠቃላይ 4,000 ያርድ በአየር ካገኘ ያንተ ድርሻ 28 በመቶ አይሞላም። 2,500 ከሆነ ግን 44 በመቶ በላይ ነው፤ ያኔ ሸክሙን የተሸከምከው አንተ ነህ ማለት ነው። አካውንቲንግ ተማሪ ነህ፤ ይህን ላንተ ማስረዳት የለብኝም።

አሁን ወደ ኤጀንቱ። ሪሲቨሩን ፑካ ናኩዋን እንደሚጠራልህ እወራረዳለሁ። በ2023 ከ177ኛ ቁጥር ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ 105 ኳስና 1,486 ያርድ፣ ሁለቱም በዚያን ጊዜ የአዲስ ተጫዋች ሪከርድ ነበሩ። እውነት ነው፣ ስካውቶችም ይስታሉ። ግን የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ ራሱ በሚያወጣው ስሌት በየዓመቱ ለድራፍት ከሚደርሱት 16,000 ገደማ የኮሌጅ ተጫዋቾች የሚመረጡት 1.6 በመቶ ያህሉ ናቸው። ሰባት ዙር፣ 257 አካባቢ ስም፤ አለቀ። ኤጀንቱ የተጫዋቾች ማኅበር በፈቀደለት ልክ ከውልህ እስከ 3 በመቶ ይወስዳል። ከተመረጥክ ያተርፋል፤ ካልተመረጥክ ሌላ ልጅ አለው። መጥፎ ሰው ነው አላልኩም። ሒሳቡ ከሒሳብህ ይለያል ነው የምልህ። ምንም አትፈርምለት፤ ከፈረምክ የኮሌጅ ጨዋታህ እዚያው ያበቃል።

በሱ ፋንታ አሰልጣኝህን አንድ ነገር ጠይቅ። ኤንኤፍኤል ለእንዳንተ ዓይነቶቹ የኮሌጅ አማካሪ ኮሚቴ የሚባል አለው። የክለብ ሰዎች ፊልምህን አይተው መልስ ይሰጣሉ። መልሱ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንደኛ ዙር ልትደርስ ትችላለህ፣ ሁለተኛ ዙር ልትደርስ ትችላለህ፣ ወይም ትምህርትህን ቀጥል። ጥያቄው በኮሌጅህ በኩል ነው የሚቀርበው፤ ገንዘብ አያስከፍልም። የመውጫው ቀነ ገደብ በጃንዋሪ አጋማሽ ስለሆነ ነገ ዛሬ አትበል።

ሦስተኛው መልስ ቢመጣና አንተ ግን ብትወጣ ምን እንደሚጠብቅህ ልንገርህ። ካምፕ ላይ 90 ሰው አለ፤ 53 ይቀራል። እዚያ ውስጥ ገብተህ ከቆየህ በ2025 የአዲስ ተጫዋች ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 840,000 ዶላር ነበር። ለልምምድ ቡድኑ ብቻ ከተፈለግክ በዚያው ዓመት በሳምንት 13,000 ዶላር ያህል ነበር፣ ያውም ማክሰኞ «ደህና ሁን» ልትባል ትችላለህ። አራተኛና አምስተኛ ሪሲቨር ደግሞ ኳስ ስለያዘ ብቻ አይቆይም። ስፔሻል ቲም (ኳሱ በእግር ሲመታ የሚገባው ቡድን) ላይ መሮጥና ሰው መጣል አለበት። ኮከብ ስለሆንክ አሰልጣኝህ ከዚያ አሳርፎሃል ብዬ እገምታለሁ። ነገ ሄደህ «አስገባኝ» በለው። ቡድን ውስጥ ለመቅረት ከአርባው ይልቅ ይህ ሊጠቅምህ ይችላል።

የኔ ሐሳብ? በነገርከኝ ብቻ፣ ቆይ። መቆየት ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ። አንድ ዓመት ታረጃለህ፤ ጉልበትህም አደጋ ላይ ነው። ግን ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው መክፈል ጀምረዋል። ትንሽ ኮሌጅህ ብዙ ላይኖረው ይችላል። ወደ ትልቅ ቡድን መዛወር ግን በራሱ መንገድ ነው፤ በየሳምንቱ ፕሬስ የሚያደርግህ ኮርነር እዚያ አለ። ስትጠይቅ ክሬዲትህ ስንት እንደሚቆጠርልህ አብረህ ጠይቅ፤ ከልምምድ ሜዳው ፎቶ በፊት።

እናትህን በተመለከተ፣ ቁጭ ብለህ ከፊልሙ አንድ ሁለት ጨዋታ አሳያት። ምን እንደምትሠራ ሳታውቅ ነው ይሆናል «የትም አትሄድም» ያለችህ። የአንዷን ልጅ እናት አውቃለሁ፤ ልጇ በስፖርት ስኮላርሺፕ ተምራ እስክትመረቅ ድረስ ሩጫ ክለብ ውስጥ ብቻ የምትዝናና ይመስላት ነበር።

ደብተሩን ሞልተህ፣ የኮሚቴው መልስ ሲመጣ ከሱ ጋር ላክልኝ። ሁለተኛ ዓመትህንም እንዳትረሳ።