ከወንበሩ በፊት ያሉት ዓመታት

ልጆቼ፣

የሰው ሲቪ ስታነቡ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ላይኛው መስመር ላይ ነው። ሚኒስትር፣ ዳይሬክተር፣ ፕሬዚዳንት። እኔ ዕድሜዬን በጤና ሥራ ውስጥ ሳሳልፍ ብዙ ሰው ቀጥሬያለሁ፤ የማነበው ግን ከታች ጀምሬ ነው። ዛሬም የአንዲት ሐኪም ሲቪ ከታች ጀምሬ ላነብላችሁ ነው። ቺሊን ሁለት ጊዜ የመሩት ሚሼል ባችሌት ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አባታቸው አልቤርቶ ባችሌት የአየር ኃይል ጄኔራል ነበሩ። በፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አዬንዴ ዘመን የምግብ ሥርጭት ኃላፊነት ተሰጥቷቸው ነበር። በ1973 ጄኔራል ፒኖቼ መንግሥት ሲገለብጡ አልቤርቶን የገዛ ባልደረቦቻቸው አሰሯቸው፤ አሰቃዩዋቸው። በማርች 1974 እስር ቤት ውስጥ በልብ ሕመም ሞቱ። በዓመቱ ገደማ ሚሼልና እናታቸውም ተይዘው ቪላ ግሪማልዲ ወደሚባለው የማሰቃያ ቦታ ተወሰዱ። ሚሼል ያኔ የ23 ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበሩ። ሲለቀቁ ወደ አውስትራሊያ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተሰደዱ።

ጀርመን ውስጥ ቋንቋ ተማሩ፤ አገቡ፤ ወለዱ፤ በርሊን በሚገኘው ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲም ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1979 አገራቸው ሲገቡ ግን የጀርመኑ ትምህርት አልተቆጠረላቸውም። ካቋረጡበት እንደገና ጀምሩ ተባሉ። ልጅ ታቅፈው ከታናናሾቻቸው ጋር ክፍል ገቡ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ከአገር ቤት ይዛችሁት የሄዳችሁት ዲግሪ «አይቆጠርም» የተባላችሁ ልጆች ይቺን አሳምራችሁ ታውቋታላችሁ።

ሐኪም ሆነውም አልተለቀቁም። በመንግሥት ጤና ተቋም ልሥራ ብለው ሲያመለክቱ በፖለቲካ አመለካከታቸው የተነሳ ተከለከሉ። ስለዚህ ወላጆቻቸው የተሰቃዩባቸውን ወይም የደረሱበት የጠፋባቸውን ሕፃናት በሚረዳ ድርጅት ውስጥ ሠሩ። ደመወዙም ስሙም ትንሽ ነው። ነገር ግን አንድ ሕፃን ለምን እንደማይተኛ፣ ለምን ምግብ እንቢ እንደሚል ከዚያ በላይ የሚያስተምር ሆስፒታል ያለ አይመስለኝም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ።

ፒኖቼ ከፕሬዚዳንትነት የወረዱት በ1990 ነው። የጦሩ አዛዥ ሆነው ግን እስከ 1998 ቆይተዋል። ሲቪሉ ፖለቲከኛ ጦሩን ይፈራዋል፤ አያውቀውምም። ስለ መከላከያ በጀት ወይም ስለ ሹመት ሲነሳ መኮንኖቹ ያወራሉ፣ ሲቪሎቹ ያዳምጣሉ። ዶክተር ሚሼል በ1996 ምን አደረጉ? የወታደራዊ ስትራቴጂ ትምህርት ተመዘገቡ! አባቷን የገደለባት ተቋም ሰዎች መሐል ደብተር ይዛ የምትቀመጥ ሐኪም አስቡ። ሄደው የተቀመጡት ለመታረቅ ብቻ አይመስለኝም። ገብቷቸዋል፤ የማታውቀውን ነገር ልታዝዘው አትችልም። አንደኛ ወጡ። በውጤታቸው ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ዋሽንግተን በሚገኘው የኢንተር አሜሪካን መከላከያ ኮሌጅ ቀጠሉ።

በዚያው በ1996 ደግሞ ላስ ኮንዴስ በምትባለው የሳንቲያጎ ባለጸጎች ሰፈር ለከንቲባነት ተወዳድረው ነበር። ከመቶ መራጭ ሦስቱ እንኳ አልመረጧቸውም። ያን ዓመት ያየ ሰው «አለቀላት» ቢል አልፈርድበትም። ምርጫውን ሁሉም አየው፤ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን የቤት ሥራ ማን ያያል?

በ2000 ፕሬዚዳንት ሪካርዶ ላጎስ የጤና ሚኒስትር አደረጓቸውና የማይሆን ሥራ ሰጧቸው፦ የጤና ጣቢያ ሰልፍ በሦስት ወር ይጥፋ! ሕመምተኛ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ቁጥር ለመውሰድ የሚጋፋበት ሰልፍ ነው። ይህን ሰልፍ እኔም አውቀዋለሁ፤ እንዴት እንደሚሸወድም አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሕዝብ ስሙን መዝግበህ «በሌላ ቀን ና» ትለዋለህ። ኮሪደሩ ነጻ ይሆናል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ሪፖርቱ ያምራል። በሽተኛው ግን አልታከመም። ዶክተር ሚሼል ብዙውን ሰልፍ፣ ዘጠና በመቶ ያህሉን፣ ቀነሱት። ጨርሶ አልጠፋም። ቀኑ ሲደርስ «አልሞላም» ብለው የመልቀቂያ ጥያቄ አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ አልተቀበሏቸውም። እኔ ቁጥር አሳምሮ የሚያቀርብ አለቃ ብዙ አይቻለሁ፤ ባልሞላ ቁጥር ወንበሩን ልልቀቅ ያለ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አለቃ ስትሆኑ የመጀመሪያው ፈተናችሁ ይቺው ናት፤ ከአሁኑ ተዘጋጁባት።

በጃንዋሪ 2002 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በቺሊ ሴት በዚያ ቦታ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ናቸው። ሲገቡ ግን እንግዳ አልነበሩም፤ የጄኔራሎቹን አነጋገር ያውቁታል። በዚያው ዓመት ሳንቲያጎን ጎርፍ ሲመታት በወታደራዊ ብረት ለበስ ላይ ቆመው የዕርዳታ ሥራ ሲመሩ የሚያሳየው ፎቶ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በ2006 ለፕሬዚዳንትነት ሲመረጡ የቺሊ ካቶሊክ ወግ አጥባቂ ምን ይበል? ሴት፣ ሶሻሊስት፣ ባል የሌላቸው የልጆች እናት፣ ሃይማኖት የለኝም ባይ። ራሳቸውም በዚህ ይቀልዱ ነበር። የመጀመሪያው ካቢኔያቸው እኩል በእኩል ሴትና ወንድ ነበር።

ጻድቅ ናቸው እያልኳችሁ አይደለም። በ2007 የሳንቲያጎ አዲሱ የአውቶቡስ ሥርዓት ትራንሳንቲያጎ ሲጀምር ከተማው ተተራመሰ፤ ሠራተኛው መንገድ ላይ ቀረ። ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 2010 ማለቂያ ላይ 8.8 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሱናሚ ማስጠንቀቂያው ተዝረከረከ፤ ሰው አለቀ። በሁለተኛው ዘመናቸው የልጃቸውና የምራታቸው የመሬት ንግድ ጉዳይ ስማቸውን ክፉኛ ጎዳው። መዳብ ዋጋው በተወደደበት ጊዜ «አውጡትና እንብላ» የሚለውን ጩኸት ችለው ገንዘቡን ያስቀመጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። የ2008ቱ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ያ ቁጠባ አገሩን ደጎመው።

በሁለቱ የፕሬዚዳንትነት ዘመኖቻቸው መሐልና ከዚያ በኋላ የተባበሩት መንግሥታትን የሴቶች ድርጅት፣ ከ2018 እስከ 2022 ደግሞ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮውን መርተዋል። ከእኛም ጋር የተገናኙት በዚህ ነው። በትግራይ ጦርነት ላይ ቢሮአቸው ከኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጋር ያደረገው የጋራ ምርመራ በኖቬምበር 2021 ሲወጣ ያልተከራከረበት ሰው አልነበረም። እዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። ያን ሪፖርት ስታነቡ ግን በ23 ዓመቷ ዓይኗን ተሸፍና የተመረመረች ልጅ የምትመራው ቢሮ እንደነበር አስታውሱ።

ባለፈው አንዲት ነርስ ጽፋልኝ ነበር። መሥሪያ ቤቷ የበጀትና የግዥ ሥልጠና አውጥቷል። «የእኔ ሙያ አይደለም፤ ፋይናንሶቹ ደግሞ ሁሌ ያሸማቅቁናል፤ ምን ላድርግ?» ትላለች። ልጄ፣ ሄደሽ ተመዝገቢ። ፊት ወንበር ላይ ቁጭ በይ። ያልገባሽን ጠይቂ፤ ቢስቁብሽም ጠይቂ። በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ መድኃኒቱ ለምን እንደዘገየ ሲያስረዱሽ የትኛው ፎርም የት እንደቆመ አንቺም ታውቂዋለሽ።