ባቡሩ የሚያቃስትበት ቦታ ውሰጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። የ9 ዓመት ልጅሽ ባቡር ባቡር እያለ አላስቀምጥ ብሎሻል፣ የምትኖሩት ዲሲ አጠገብ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ኦገስት ላይ የሦስት ቀን እረፍት አላችሁ። «የት ብንወስደው ባቡር በደንብ ያያል?» ነው ያልሽው። እኔም ሴት ልጄን ይዤ ለዓመታት በዚሁ ጉዳይ ስዞር ኖሬያለሁ። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፣ የባቡር ጡሩንባ እየሰማሁ። ፍቅሩ ከእኔ ነው የተጋባባት።

መልሱን ላስቀድም፦ ፔንስልቬንያ ውስጥ አልቱና ከተማ አጠገብ ያለው ሆርስሹ ከርቭ። ከእናንተ ቤት በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

ለምን እሱን እንዳልኩ ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ እኔም ባቡር የሚበዛበትን ቦታ ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ያለ ሐዲድ አጠገብ ዋልን። መጣ ስንል አለፈ። ልጄ ዞር ብላ «አባዬ፣ አለቀ እንዴ?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሜዳ ላይ ባቡር ይበርራል፣ ዳገት ላይ ግን ይታገላል። ልጅ ዓይኑ የሚቀረው ትግሉ ላይ ነው። ደግሞ ዳገት ላይ ባቡሩ ቀስ ስለሚል ቆጥሮ፣ ጠይቆ፣ ለነጂው እጁን አውለብልቦ ይጠግባል።

ሆርስሹ ከርቭ የተሠራው የአሌጌኒ ተራራን ለመውጣት ነው። ሐዲዱ ሸለቆውን በቀጥታ ተሻግሮ ሽቅብ ቢሄድ ኖሮ ዳገቱ ለባቡር አይቻልም ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መስመሩን በሸለቆው ዙሪያ እንደ ፈረስ ጫማ ብረት ጠመዘዙት። መንገዱ ሲረዝም ዳገቱ ለዘብ ይላል። በአብዛኛው አይሪሽ ሠራተኞች በዶማና በአካፋ ቆፍረው በ1854 ተከፈተ። እንዲህም ተለዝቦ በየ100 ሜትሩ ወደ 1.8 ሜትር ከፍ ይላል። ለመኪና ምንም አይደለም፣ ለከባድ የጭነት ባቡር ግን ፈተና ነው። ለዚህ ነው ከባዶቹ ባቡሮች ከኋላ የሚገፉ ተጨማሪ ሎኮሞቲቮች የሚቀጠሉላቸው።

መናፈሻው በጥምዙ ሆድ ውስጥ ነው፣ ሐዲዱ ደግሞ ይዞርሻል። ከታች በ194 ደረጃ ወይም በትንሿ ተጎታች ባቡር ትወጫለሽ። ልጁ በተጎታቿ ካልሄድን ማለቱ አይቀርም።

እኛ የመጀመሪያ ቀን ስንደርስ ምንም አልነበረም። አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፣ ከአልቱና በኩል፣ ከሸለቆው ሥር የሚወጣ ጉርምርምታ። ባቡሩ ገና አይታይም። ቀጥሎ የአግዳሚው ብረት በእጃችን ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሎኮሞቲቮቹ ብቅ ሲሉ ፍጥነታቸው ብስክሌት የሚቀድማቸው ዓይነት ነበር። ጥምዙ ላይ ጎማው ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ሲጥ የሚል ረጅም ጩኸት አለው፣ ጆሮ ይወጋል። ፊቱ በቀኛችን በኩል ወደ ተራራው ሲገባ ጭራው በግራችን ገና ከጫካው እየወጣ ነበር። ልጄ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያየች «አንድ ባቡር ነው? ሁለት ነው?» ትለኛለች። መጨረሻ ላይ ሁለት ገፊ ሎኮሞቲቮች መጡ፣ ከፊተኞቹ የባሰ እያገሱ። ከዚያ በኋላ ሌላኛው ሐዲድ ላይ አንዱ ሲወርድ የጋለ ፍሬን ሽታ አፍንጫችን ውስጥ ገባ። እሱን ሽታ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

አንድ ነገር ግን ለልጁ አስቀድመሽ ንገሪው። የጭነት ባቡር እንደ አውሮፕላን ሰዓቱ ተለጥፎ አይጠበቅም። አንድ ሰዓት ምንም ላይመጣ ይችላል፣ ከዚያ ሦስት ተከታትሎ ይመጣል። ምግብ፣ ውኃ፣ ባርኔጣ ያዢ። መናፈሻው በክረምት ይዘጋል፣ በወቅቱም ቢሆን የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ፣ ከመነሳትሽ በፊት አረጋግጪ። ከተማው ውስጥ ያለውን የባቡር ሠራተኞች ሙዚየም በዚያው እዩት። በሁለተኛው ቀን ጋሊትዚን ሂዱ፣ ቅርብ ነው። ባቡሩ ዳገቱን ጨርሶ ከዋሻው ብቅ ሲል ከላይ ቆማችሁ ታያላችሁ።

ከቻልሽ ትንሽ የሬዲዮ ስካነር ግዢለት። ባቡሮቹ የሚነጋገሩት በ160 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ሐዲዱ ዳር የተተከሉ መሣሪያዎች ባቡሩ ሲያልፍ ይፈትሹትና በሬዲዮ ይናገራሉ፣ ብዙዎቹ ጠቅላላ የአክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ብረት) ቁጥሩን ጭምር ይጠራሉ። አብዛኛው ፉርጎ አራት አክስል አለው። ልጄ ቁጥሩን ለአራት እያካፈለች ስንት ፉርጎ እንደመጣ ቀድማ ትነግረን ነበር። ማካፈልን እዚያ ነው የወደደችው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። ካሊፎርንያ ዘመድ ካላችሁ ቴሃቻፒ ሉፕ አለ፣ በ1876 የተሠራ። መስመሩ ክብ ሠርቶ በራሱ ላይ ይሻገራል፣ ከ1.2 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ባቡር በራሱ ጭራ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ግሩም ነው፣ ግን ለእሱ ብቻ አገር አቋርጦ መሄድ ለ9 ዓመት ልጅ ይከብዳል። ቺካጎ ከሄዳችሁ ሮሼል የምትባል ከተማ ሁለት ትልልቅ መስመሮች የሚሻገሩበት ቦታ ላይ መናፈሻ አላት፣ ጣሪያም አለው።

ከሁሉ በፊት ግን ልጁን አንድ ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ ያለችው ትንሽ ከተማ፣ ሃርፐርስ ፌሪ ውሰጂው። ከእናንተ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በፖቶማክ ወንዝ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ አለ፣ ከባቡሩ ድልድይ ጋር ተያይዞ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ በአጥር ብቻ ተለይቶ አጠገባችሁ ያልፋል። ልጁ እዚያ አንድ ሰዓት በደስታ ከጠበቀ፣ አልቱናም አይሰለቸውም። ማርክ የሚባለውን የሜሪላንድ የመንገደኛ ባቡር ግን አትመኚ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ማታ ወደዚያ ስለሆነ ለሽርሽር አይመችም። በመኪና ሂዱ።

በመጨረሻ ስለ ጥንቃቄ፣ እዚህ ላይ እለምንሻለሁ። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ሐዲድ ላይ ወይም ጠጠሩ ላይ እንዳትቆሙ። የግል ይዞታ ስለሆነ ያስቀጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ባቡር ከሐዲዱ ውጭ ወደ ጎን አንድ ሜትር ያህል ይወጣል፣ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ የጭነት ባቡርም ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊፈጅበት ይችላል። አንዳንዴ ድምፁ የሚሰማው አጠገብሽ ሲደርስ ነው። ልጄን ገና ሳንጀምር አንድ ደንብ አስይዣታለሁ፦ አጥር ካለ ከአጥሩ ወዲህ፣ ከሌለ ከሐዲዱ ቢያንስ አስር ትልልቅ እርምጃ። አሁን እሷ ናት እኔን የምትቆጣጠረኝ።

የምትሄዱበትን ቀን ከወሰንሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የምናድርበትን አካባቢና ጠዋት የምንቆምበትን ጥግ እነግርሻለሁ።